ሳምቡሳዬ ለምን ዘይት ይጠጣል? ጣፋጩስ ለምን ይፈነዳል?

ጥያቄ፦ «ሳምቡሳ እቤት ስሠራ አንድም ቀን እንደምፈልገው ሆኖልኝ አያውቅም። የምስሩም የሥጋውም ዘይት ይጠጣል፤ ከወጣ 10 ደቂቃ ሳይሞላው ይልፈሰፈሳል። ላዩ ላይ አረፋ አረፋ ያወጣል። ባለፈው ደግሞ ለልጆቼ ብዬ በማርማላታና በሙዝ ጣፋጭ ሳምቡሳ ሞከርኩ። እየፈነዳ ስኳሩ ዘይቱ ውስጥ ገባና ሁሉም ጠቆረ። ሊጡ ለስለስ እንዲል ቤኪንግ ፓውደር እጨምርበታለሁ። አንዱ እሳቱን አበርቺ ይለኛል፣ ሌላው ቀንሺ ይለኛል። ለጨዋማውና ለጣፋጩ ሊጡ ይለያያል ወይ? በኦቭን ወይም በኤር ፍራየር ብሠራውስ?»

ምላሽ፦ ችግርዎ እሳቱ አይደለም። ሊጡም ዋናው ጥፋተኛ አይደለም። ችግርዎ ውሃ ነው። መልፈስፈሱም፣ መፈንዳቱም፣ ዘይቱ መጥቆሩም መነሻቸው አንድ ነው፦ መሙያው ውሃውን እንደያዘ ሊጥ ውስጥ ገብቷል። የእሳቱ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሳምቡሳ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ «ጭስስ» የሚለው ዘይቱ አይደለም። ሊጡ ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት እየሆነ ሲወጣ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ እስካለ ድረስ ዘይቱ ወደ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ጠባብ ነው። ብዙ ሰው ሳምቡሳ ዘይት የሚጠጣው ድስቱ ውስጥ እያለ ይመስለዋል። አብዛኛውን የሚጠጣው ግን ከወጣ በኋላ ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ የነበረበት ቦታ ባዶ ይቀራል፣ ያ ባዶ ቦታ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ዘይት ይስበዋል። መሙያው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከወጣ በኋላም ከውስጥ መትነኑን ይቀጥልና፣ ደርቆ የነበረውን ሽፋን መልሶ ያርሰዋል። የእርስዎ የ10 ደቂቃ መልፈስፈስ ይሄ ነው።

የመፈንዳቱን ነገር በቁጥር ልንገርዎ። ውሃ እንፋሎት ሲሆን ስፋቱ ወደ 1,700 እጥፍ ያድጋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ 5 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው፣ ከ8 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። ይህን ሁሉ በአንዲት ስስ ሊጥ ውስጥ ቆልፈው ዘይት ላይ ሲጥሉት የት ይሂድ?

አሁን ወደ ሊጡ። ቤኪንግ ፓውደሩን ይተዉት። ሥራው ሊጥን በጋዝ መንፋት ነው፤ ለኬክ ጥሩ ነው። ሳምቡሳ ላይ ግን ሽፋኑን በትናንሽ ቀዳዳዎች ይሞላዋል፣ ቀዳዳ ደግሞ የዘይት ማደሪያ ነው። እርሾ ቢሆንም ያው ነው፤ የሚያገኙት የተጠበሰ ዳቦ ነው። አረፋው ግን ሁልጊዜ ከዚህ አይመጣም። ሊጡ ረጥቦ ዘይቱ ከልክ በላይ ሲግል ላዩ ቶሎ ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለው ውሃ መውጫ ያጣና ቆዳውን ይወጥረዋል።

«አበርቺ» ያለዎትም «ቀንሺ» ያለዎትም ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚያወሩት ስለተለያየ ሳምቡሳ ነው። አንደኛው ህንድ ውስጥ የተለመደው፣ ወፍራም ሽፋን ያለው ነው። 250 ግራም ዱቄት ላይ 55 ግራም ያህል ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ይገባና፣ ዱቄቱ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን በእጅ ይታሻል። ከዚያ ውሃ 90 ሚሊ ሊትር አካባቢ ብቻ። ጠንከር ያለ ሊጥ ነው የሚፈለገው። ስቡ ዱቄቱን ስለሸፈነው ግሉተኑ፣ ማለትም ሊጡን የሚያሳስበው የስንዴ ፕሮቲን፣ እንደ ልቡ አይሳሳብም፤ ሲበላ ፍርክስክስ የሚለው ለዚህ ነው። ይሄኛው ከ140 እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ለዘብተኛ ዘይት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበሳል፣ መጨረሻ ላይ ብቻ እሳቱ ከፍ ብሎ ቀለም ይይዛል። እሳቱ ከመጀመሪያው ከበረታ ላዩ ይቀላል፣ ውስጡ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ስስ ቂጣ ያለው ነው። የርስዎም ይሄኛው ይመስለኛል። ይህ ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ይፈልጋል፣ 3 ወይም 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ለ20 ሳምቡሳ 250 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ120 እስከ 130 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይያዙ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አሽተው፣ ሸፍነው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ማሳረፉን አይዝለሉት። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ እርስዎ በንዴት ዱቄት ይነሰንሱበታል፤ ያ ዱቄት ዘይቱ ውስጥ ረግፎ ያርና የሁሉንም ጣዕም ያበላሻል።

ሊጡን 10 ቦታ ያድቦልቡሉት። ሁለቱን ወስደው የመዳፍ ስፋት እስኪኖራቸው ይዳምጡ። አንዱን ዘይት ቀብተው፣ ዱቄት ነስንሰው፣ ሌላውን ይደርቡበት። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር እስኪሰፉ ይዳምጧቸው። ደረቅ ምጣድ ላይ በመካከለኛ እሳት በየጎኑ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ያሳዩት። ነጭ እንደሆነ ይውጣ፤ ቡናማ ነጥብ ካወጣ ደርቋል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ገና ትኩስ እያለ ሁለቱን ይላቅቁ፣ በግማሽ ይቁረጡ፣ እርጥብ ግን የተጨመቀ ጨርቅ ያልብሱት። ይህ የምጣድ ነገር ብዙዎች የሚተዉት ልፋት ነው። እኔ ግን አልደራደርበትም። ቂጣው ዘይት ሳይነካ ከውሃው የተወሰነውን ጥሎ ይገባል፣ አረፋውም በጣም ይቀንሳል።

ሊጡ ለጨዋማውም ለጣፋጩም አንድ ነው። ስኳር አይጨምሩበት፤ ስኳር ያለበት ሊጥ ሳይደርቅ ይጠቁራል።

መሙያው ላይ ትዕግሥት ይኑርዎት፣ ሥራው ያለው እዚህ ነው። 200 ግራም ደረቅ ምስር ከሽንኩርቱ ጋር ለ20ዎቹ ይበቃል። ሲቀቅሉት እንዳይፈርስ፤ በጣት ሲጫኑት እሺ ይበል እንጂ ቅርፁን አይልቀቅ። ወንፊት ላይ 15 ደቂቃ ያጥልሉት። ከዚያ ሰፊ መጥበሻ ላይ፣ ያለ ዘይት፣ እያማሰሉ 3 ወይም 4 ደቂቃ እሳት ያሳዩት። አሁን አንድ ጭብጥ ያንሱና ጨመቅ ያድርጉት፣ መዳፍዎን ይክፈቱ። በጣቶችዎ መሃል ውሃ ብልጭ ካለ ገና ነው፣ ወደ እሳቱ ይመለስ። ተጣብቆ ድቡልቡል ከሆነም ገና ነው። እንደ ዶቃ ተበታትኖ እጅዎ ላይ ወዝ ብቻ ከቀረ ደርሷል።

ሽንኩርትና ቃሪያ ጥሬውን መጨመር የሚወዱ አሉ፤ እኔም እወዳለሁ። ግን ጨው ሽንኩርትን ሲነካ ውሃውን ያወጣዋል። ስለዚህ አድቅቀው ይክተፉት፣ ምስሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቀላቅሉት፣ ጨዉን ሊሞሉ ሲሉ ብቻ ይጨምሩ። መሙያውን ቀድመው አዘጋጅተው የሚያስቀምጡት ከሆነ ጥሬ ሽንኩርት ይቅር፣ ውሃው እስኪያልቅ ይቁላ። ድምብላል፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል እንደ ፍላጎትዎ።

ሥጋ ጥሬውን አይሞላም። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ስስ ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ የሚቆየው ለቂጣው የሚበቃ ጊዜ ነው። የተፈጨ ሥጋ ደግሞ መሃሉ ቢያንስ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ሥጋው መጥበሻ ላይ መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ በራሱ ውሃ ይንተከተካል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በስሏል» ብሎ ያወርደዋል። ጆሮዎን ይስጡት። መንተክተኩ ቆሞ መንጨርጨር ሲጀምር ውሃው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ የቀለጠውን ስብ አጥልለው ያውጡ። ድንች የሚጠቀሙ ከሆነ ከነልጣጩ ይቀቅሉ፣ ልጠው እንፋሎቱ እስኪለቅ ይበትኑት። ጎመንና ካሮት ከሆነ ጨው ነስንሰው ይጭመቁ፣ ከዚያ ይቁላ።

የትኛውም መሙያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአንድ ድግስ 100 ያህል ሳምቡሳ ስሞላ ሰዓት ደረሰብኝና ትኩስ ሥጋ ሞላሁ። ትሪ ላይ ደርድሬ ዘይት ላሞቅ ሄድኩ። ስመለስ ከታች ርሰው ከትሪው ጋር ተጣብቀዋል። አንዱን ሳነሳ ቂጣው እንደ እርጥብ ጋዜጣ ቀርቶ ሥጋው ተዘረገፈ። ሌላውም እንደዚያው። ለማቀዝቀዝ ሰፊ ትሪ ላይ አሳስቶ መበተን ይበቃል። ብቻ የሥጋም ሆነ የምስር መሙያ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ።

ጣፋጩን አንዳንዱ ሰው እንደ ዘመን አመጣሽ ነገር ያየዋል። አይደለም። ሳምቡሳ ስሙን ያገኘው ከፋርስኛ ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ በተጻፈ የምግብ አሠራር ውስጥ ከሥጋው ጎን በስኳርና በተፈጨ ለውዝ (አልሞንድ) የሚሞላው አብሮ አለ። ያኔም ሰዎቹ ደረቅ መሙያ ነበር የመረጡት። የእርስዎ ሙዝ ግን ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ማርማላታ ደግሞ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ይፈላል፣ በቀጭን ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል። 175 ዲግሪ ዘይት ውስጥ የገባ ስኳር ከመቅለጥ አልፎ ያራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠበሰው ሁሉ ያንን መራራ ጣዕምና ጥቁር ነጠብጣብ ይለብሳል።

ለጣፋጭ የምመክረው ሁለት ነው። አንደኛው ኦቾሎኒ ነው፦ 150 ግራም ተቆልቶ ሸካራ ሆኖ የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ 50 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሄል ወይም ቀረፋ፣ ቆንጠር ጨው፣ ለማያያዣ 1 የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ። የኦቾሎኒው ዱቄት የሚቀልጠውን ስኳር ይይዘዋል። ሁለተኛው ቴምር ነው። ፍሬው ወጥቶ ይደቆሳል፣ የተከተፈ ለውዝ ይገባበታል፣ ሌላ ስኳር አያስፈልገውም። ቴምር ወፍራም ስለሆነ አይፈስም፤ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። ፖም ከፈለጉ በቅቤ ውሃው እስኪያልቅ አብስለው፣ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ ይጨምሩበት። ቸኮሌትም ይሆናል፣ ግን ውስጡ ላቫ ነው፤ ለልጆች ሳይቀዘቅዝ አይስጡ።

ጣፋጩ ቢያንስብኝስ ካሉ ጭማሪውን ከውጭ ያድርጉት። 200 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 5 ደቂቃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። ሳምቡሳው ከዘይት እንደወጣ ለጥቂት ሰከንድ ነከር አድርገው ያውጡት። ስኳር ዱቄት መነስነስም ይቻላል። ሁለቱም ከዘይቱ ውጭ ስለሆኑ የሚያር ነገር የለም።

አጠቃለሉ ላይ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ይጠንቀቁ፦ ጫፉ። 2 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በውሃ በጥብጠው እንደ ወፍራም ሙጫ ያዘጋጁ። የግማሽ ክብ ቂጣውን ቀጥ ያለ ጠርዝ ይቀቡ፣ አንዱን ማዕዘን ወደ መሃል ይመልሱ፣ ሌላውን ላዩ ላይ ደርበው እንደ ሾጣጣ የወረቀት መጠቅለያ ያድርጉት። ከመሙላትዎ በፊት ወደ ብርሃን አንስተው በውስጡ ይመልከቱ። ጫፉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ከታየች ዘይት የሚገባው በእሷ ነው። በሙጫው ጠብ አድርገው ቆንጥጠው ይዝጉት። ሲሞሉ ከላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፣ አየሩን በጣት ገፋ አድርገው ያስወጡ፣ ይዝጉ። እስኪፈነዳ መጠቅጠቅ ቸርነት አይደለም።

ጥብሱ ላይ ጎድጓዳ ድስት ይጠቀሙ፣ ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። ቴርሞሜትር ካለዎት በጣም ጥሩ። ከሌለዎት የሊጥ ፍርፋሪ ይጣሉ። ወደ ታች ሰጥሞ ቀስ ብሎ የሚወጣ ከሆነ 150 አካባቢ ነው። በአንድ ሁለት ሰከንድ ዙሪያውን አረፋ ይዞ ከተነሳ ለስሱ ሳምቡሳ ደርሷል። ወዲያው ከቀላ ወይም ዘይቱ ከጨሰ አልፏል፣ እሳቱን ያጥፉ። በአንድ ጊዜ 5 ወይም 6 ብቻ ይጨምሩ። 15 ቀዝቃዛ ሳምቡሳ ሲጨምሩ ዘይቱ ይበርዳል፣ እንፋሎቱ ይዳከማል፣ ሳምቡሳውም ዘይት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ጣፋጩን 170 ላይ ያድርጉት፤ ሾልኮ የሚወጣ ቢኖር እንኳ ጊዜ ያገኛሉ። ካወጡ በኋላ ሶፍት ላይ አይቆልሉ፤ የሥረኞቹ በላይኞቹ እንፋሎት ይርሳሉ። ጠበቅ አድርገው አራግፈው፣ የሽቦ ወንፊት ላይ በጠርዛቸው ያቁሟቸው። በክዳን ከሸፈኑማ ልፋትዎ ሁሉ ገደል ገባ።

ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚሠሩ ከሆነ ጣፋጩ ይቅደም። የሽንኩርትና የሥጋ ሽታ ዘይት ውስጥ ይቀራል፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል የኦቾሎኒ ሳምቡሳ ማንም አይፈልግም።

ልጆች ባሉበት ቤት ሁለት ነገር አይርሱ። ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ አይደፋበትም፤ እሳቱን አጥፍተው በክዳን ያፍኑት፣ ድስቱን አያንቀሳቅሱ። የቀለጠ ስኳር ደግሞ ከዘይት ይብሳል፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከነካዎት ወዲያው በቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ይያዙት።

ኦቭንና ኤር ፍራየር ይሠራሉ፣ ግን ያንኑ ሳምቡሳ አይጠብቁ። ስሱ ቂጣ በደረቅ ሙቀት ጠንከር ይላል፣ ጠርዙ እንደ ብስኩት ይሰበራል። ወፍራሙ ሊጥ ስብ ስለያዘ በኦቭን የተሻለ ይወጣል። ሁለቱም ጎን ዘይት ይቀባ፤ ኦቭን 200 ዲግሪ ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ መሃል ላይ ይገልበጥ። ኤር ፍራየር 180 ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ፣ ሳይደራረብ። ለቴምሩ ኦቭን እንዲያውም እመርጣለሁ፤ ቢሾልክ እንኳ የሚያጠቁረው ዘይት የለም።

ለማስቀመጥ ከሆነ ሳይጠበስ ያቀዝቅዙት፦ ትሪ ላይ ሳይነካካ በረዶ ይሁን፣ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ይግባ። ከ2 እስከ 3 ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ሲፈልጉ ሳይቀልጥ፣ ላዩ ላይ ያለውን ውርጭ አራግፈው፣ ሦስት አራቱን ብቻ በ165 ዲግሪ ረዘም ላለ ጊዜ ይጥበሱ። ውርጩ ካልተራገፈ ዘይቱ ይፈናጠራል።

የሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያድርጉ፦ በምጣድ የታየ ስስ ቂጣ፣ ያለ ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሹን በቴምር ግማሹን በምስር ይሙሉ። መሙያውን ከዋዜማው ሠርተው ፍሪጅ ያሳድሩት፤ የምስሩን ሽንኩርትና ጨው ግን ሊሞሉ ሲሉ ይጨምሩ። መጀመሪያ አንድ ብቻ ጠብሰው ቆርጠው ይዩት፤ ውስጡ እርጥብ ከሆነ የቀረውን ሳይሞሉ መሙያውን ወደ መጥበሻው ይመልሱ። ልጆቹ ማርማላታውን አንተውም ካሉ በሳህን ከጎን ያስቀምጡላቸው፣ እየነከሩ ይብሉ።